ባለቤቱን የማያውቅ ጠባቂ

ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ዋጃ ጥቅምት ሲገባ ማለዳዋ ያማረ ነው። በምሥራቅ በኩል ያሉት የዞብል ተራሮች ጥላቸውን ሳይሰበስቡ፣ የራያን ሜዳ የሸፈነው ማሽላም ጤዛውን ሳያራግፍ፣ ከተማዋ በጎዳናው ግራና ቀኝ ትነቃለች። ለመስክ ሥራ ከፋኩልቲያችን የወጣን ጥቂት መምህራንና ተማሪዎች በአንዲት ሻይ ቤት ደጃፍ ቁርስ በመቅመስ ላይ ሳለን ነበር፣ ከመንገዱ ማዶ የቆመ አንድ ሞተር ብስክሌት በድንገት እሪ ያለው።

የሞተር ብስክሌቱ ባለቤት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ከኋላው መጫኛ ላይ የከብት ክትባት የያዘ የበረዶ ሣጥን በገመድ ጠፍሮ አስሯል። በሚሄድበት ቀበሌ አርሶ አደሮች ከብቶቻቸውን ሰብስበው ከንጋት ጀምሮ ይጠብቁታል። ሰውየው በእጁ የያዘውን ሪሞት ተጫነው፤ ጩኸቱ አልቆመም። ደጋግሞ ተጫነው፤ የሪሞቱ ቀይ መብራት ብልጭ ትላለች፣ ሞተሩ ግን ጌታውን አላወቀም። ግማሽ ደቂቃ ያህል ጮኾ ዝም ይላል፤ ባለሙያው ሊነካው ሲጠጋ እንደገና ይጀምራል። በዚያ ሲያልፉ የነበሩ አንድ አዛውንት ቆም ብለው «ልጄ፣ ኧረ የዚችን ነገር አፍ አስይዝልን!» አሉት። እርሱም አንገቱን ደፍቶ «አባቴ፣ እኔስ መች ጠላሁ፤ እምቢ አለችኝ እኮ» ሲል መለሰላቸው።

በመጨረሻ የተጠራው መካኒክ የአላርሙን ሽቦዎች አንድ በአንድ በጉጠት ቆረጣቸው። ጩኸቱ ቆመ። ነገር ግን ሞተሩም ከዚያ ወዲያ አልነሳ አለ። ባለሙያው ሌላ ሞተር ተከራይቶ መንገድ ሲጀምር ከረፋዱ አምስት ሰዓት አልፎ ነበር፤ ሲደርስም አብዛኞቹ ከብቶች ወደ ግጦሽ ተመልሰው አገኘ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት የሚገባው ክትባትም በረዶው ቀልጦበት ስለነበር ለከብት ሳይደርስ ቀረ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህንን የምንተርከው በሰውየው ላይ የደረሰውን ለመሳቂያ ለማቅረብ አይደለም። የዚያን ዕለት ጉዳት ያደረሰው ሌባ ሳይሆን ከሌባ እንዲጠብቅ የተገዛው መሣሪያ ራሱ መሆኑ ስላሳሰበን ነው። ከዚህም በላይ ያሳሰበን፣ መሣሪያው ያለ ሪሞት ዝም የሚልበት መንገድ እያለው ያንን መንገድ ባለቤቱ አለማወቁ ነው። ይህ አለማወቅ በአጋጣሚ የመጣ እንዳልሆነ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

ብልጭ የምትለው መብራት

በዚያው ዕለት ማታ ባለሙያውን አስፈቅደን ሪሞቱን ከፈትነው። በውስጡ ያገኘናት ከጣት አንጓ የማትረዝም፣ በንግድ ስሟ «23ኤ» የምትባለው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ናት። ይህች ባትሪ በእርግጥ አንድ ባትሪ አይደለችም። ቅርፊቷ ቢገፈፍ እያንዳንዳቸው 1.5 ቮልት የሆኑ 8 የአዝራር ቅርጽ ያላቸው ሴሎች እንደ ሳንቲም ተደራርበው ይገኛሉ። ስምንቱም በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው የአንዱ መድከም የሁሉም መድከም ይሆናል። በመልቲሜትር ስንለካት ሥራ ሳትይዝ 11 ቮልት ገደማ አሳየች፤ የሪሞቱን አዝራር ተጭነን ስንለካት ግን ከ7 ቮልት በታች አሽቆለቆለች። ቀይዋ ጠቋሚ መብራት እንድትበራ 2 ቮልት ያህል ይበቃታል። የሬድዮ ሞገድ የሚያመነጨው ክፍል ግን በዚያ ቮልቴጅ በቂ ኃይል ሊያወጣ አይችልም። ስለዚህ መብራቷ በራች ማለት ሪሞቱ ተናገረ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው፤ «ሪሞቱማ ይሠራል፣ መብራቱ ይበራል» ይላል።

ባትሪ ሳይሠራበትም ያልቃል። ሙቀት በጨመረ ቁጥር በውስጡ የሚካሄደው ኬሚካዊ ለውጥ ይፈጥናልና፣ እንደ ራያ ቆላ ባለ ሞቃት ስፍራ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ ሱቅ ተንጠልጥላ የከረመች ባትሪ «አዲስ» ተብላ ብትሸጥም ዕድሜዋን አጋምሳ ሊሆን ይችላል። በሌሎች ሪሞቶች ውስጥ የምትገኘው፣ 20 ሚሊሜትር ስፋትና 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት ባለ 3 ቮልቷ ጠፍጣፋ የሊቲየም ባትሪ በዚህ ረገድ ትሻላለች።

ከባትሪው ቀጥሎ የመረመርነው አንቴናውን ነበር። አብዛኞቹ በአገራችን ገበያ የሚገኙ የዚህ ዓይነት ሪሞቶች በ433.92 ሜጋኸርዝ ወይም በ315 ሜጋኸርዝ ይሠራሉ። የመጀመሪያው፣ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አከፋፈል አፍሪካና አውሮፓ በተመደቡበት 1ኛ ቀጠና ለኢንዱስትሪ፣ ለሳይንስና ለሕክምና መሣሪያዎች ከተለዩት የሞገድ ክልሎች በአንዱ መካከል የሚገኝ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አንባቢዎቻችን ስሌቱን ራሳቸው ሊሠሩት ይችላሉ፤ የብርሃንን ፍጥነት ለ433.92 ሚሊዮን ስናካፍል የሞገዱ ርዝመት 69 ሴንቲሜትር ያህል ይመጣል። ጥሩ ተቀባይ አንቴና የዚህ አንድ አራተኛ፣ ማለትም 17 ሴንቲሜትር ገደማ ቢሆን ይመረጣል። ከአላርሙ ሣጥን ወጥታ የትም ሳትገናኝ የምትንጠለጠለው ቀጭን ሽቦ እንግዲህ ይህች ናት። ገጣሚዎች ግን አዘውትረው «ትርፍ ሽቦ» ብለው ይቆርጧታል፤ ወይም ጠቅልለው ከብረት ሥር ይወሽቋታል። የዋጃው ሞተር አንቴና አምስት ጊዜ ተጠምጥማ ከባትሪው ሥር ታስራ ነበር። የደከመ ተናጋሪና ጆሮው የተደፈነ አድማጭ ተገናኙ ማለት ነው።

ሪሞት ሲያስቸግር ቀድሞ መደረግ ያለበትም ከዚህ ይከተላል። የሞገድ ኃይል ከርቀት ስኩዌር ጋር በተቃራኒው ስለሚለዋወጥ፣ ከ10 ሜትር ወደ 1 ሜትር የተጠጋ ሰው ሪሞቱን 100 ጊዜ ያህል አበረታው ማለት ነው። የአላርሙ ሣጥን ብዙውን ጊዜ ከመቀመጫው ሥር ይገኛልና ሪሞቱን እዚያው አስጠግቶ መጫን ከማንኛውም ሙከራ ይቀድማል። ባለሙያው ግን ጩኸቱን ሸሽቶ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ነበር የሚጫነው። ማንም ሰው በዚያ ጩኸት አጠገብ ለመቆም አይደፍርምና አንፈርድበትም።

ሪሞቱ ጤነኛ ሆኖ የሞተሩ ዋና ባትሪ የደከመበት አጋጣሚም አለ። አላርም ሞተሩ ቆሞም ቢሆን ሳያቋርጥ ይመገባል። ለምሳሌ 5 ሚሊአምፒር የሚወስድ አላርም በቀን 0.12 አምፒር-ሰዓት፣ በወር 3.6 አምፒር-ሰዓት ይበላል። የብዙ ትናንሽ ሞተሮች ባትሪ ሙሉ ይዞታ 5 አምፒር-ሰዓት ገደማ ነው። ለአንድ ወር ሥልጠና ሄዶ የተመለሰ ሰው ሞተሩን ደንቆሮ ሆኖ ቢያገኘው ጥፋቱን በሪሞቱ ላይ ማሳበብ የለበትም።

ስለ ምስጢራዊ ቁጥር

ሪሞት ወደ አላርሙ የሚልከው ቁጥር ነው። ርካሾቹ ሪሞቶች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ይልካሉ። በእነዚህ ውስጥ በብዛት የሚገኝ አንድ ቺፕ 20 ቢት ርዝመት ያለው መለያ አለው፤ ይህም 1,048,576 የተለያዩ ቁጥሮች ማለት ነው። ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ቁጥሩ ስለማይለወጥ አንድ ጊዜ በአየር ላይ የሰማው ተቀባይ መሣሪያ መልሶ ሊናገረው ይችላል። ሻጩ «ከሌባ ፈጽሞ ይጠብቃል» ሲል ገዢው ይህን ቢጠይቀው መልካም ነበር።

የተሻሉት ሪሞቶች በየጊዜው የሚለዋወጥ ቁጥር ይልካሉ። ከእነዚህ ታዋቂው ኪሎክ የተባለው ዘዴ ሲሆን፣ የተፈለሰፈው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአህጉራችን፣ በደቡብ አፍሪካ ነው። ጌዲዮን ኩን ስሌቱን ነደፈ፤ ቪለም ስሚት ደግሞ በቺፕ ላይ አዋለው። በ1995 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ማይክሮቺፕ ኩባንያ መብቱን ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛው። በዚህ ዘዴ ሪሞቱና ተቀባዩ እኩል የሚቆጥሩ ቆጣሪዎች አሏቸው፤ አዝራሩ በተነካ ቁጥር የሪሞቱ ቆጣሪ በአንድ ይጨምራል። ሕፃን ልጅ ቤት ውስጥ በሪሞቱ ሲጫወት ቢውልስ? ሪሞቱ ቀድሞ ይሄዳል፤ ተቀባዩ ወደ ኋላ ይቀራል። የቺፑ ሠሪዎች ይህን አስበውበታል። ተቀባዩ እስከ 16 እርምጃ ያለውን ልዩነት ዝም ብሎ ይቀበላል። ልዩነቱ ከዚያ ሲያልፍ፣ እስከ 32 ሺህ ድረስ፣ ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች ሲሰማ ብቻ ራሱን ያስተካክላል። ስለዚህ «አንዴ ተጭኜው እምቢ አለ» ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አስጠግቶ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ቢጫነው ችግሩ ሊፈታለት ይችላል። ይህን ቀላል ነገር የነገረው ሰው ግን የለም።

ሪሞት በሌለበት ጊዜ

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ። ሪሞቱ ፈጽሞ ቢሞት ወይም ቢጠፋ፣ ደህና ተብሎ የተሠራ አላርም ለባለቤቱ ሌላ በር ይተውለታል። በአንዳንዱ ይህ በር ከመቀመጫው ሥር የተሸሸገች ትንሽ መጫኛ ናት፤ የሞተሩ መደበኛ የብረት ቁልፍ ገብቶ ከዞረ በኋላ ስትጫን አላርሙን ታስተኛለች። በሌላው ደግሞ ባለቤቱ የመረጠው የምስጢር ቁጥር ነው፤ የብረት ቁልፉን በቁጥሩ ልክ በመክፈትና በመዝጋት ይነገራል። ሁለቱም የብረት ቁልፉን የግድ እንደሚጠይቁ አንባቢ ልብ ይበል። የአሠራሩ ዝርዝር ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ የሚገኘው በመሣሪያው መመሪያ ላይ ነው። ከፋብሪካ የመጣው የምስጢር ቁጥር ግን ለአንድ ሞዴል ሁሉ አንድ ስለሚሆን በተገጠመ ዕለት መለወጥ አለበት።

ይህ ሁሉ ሳይቻል ሲቀር ይቆረጥ? አይቆረጥም። ከባትሪው ወደ አላርሙ በሚሄደው ሽቦ ላይ ፊውዝ ይኖራል፤ እርሱን መንቀል ከጉጠት ይሻላል፤ ነገ ሊመለስ ይችላልና። እዚህ ላይ ግን መካኒኩን ያሳሳተው ነገር ይመጣል። አላርሙ መጮህ ብቻ ሳይሆን በአንድ ሪሌይ አማካይነት የሞተሩን የእሳት መስመር ያቋርጣል። አንዳንዱ ሪሌይ ኤሌክትሪክ ሲያጣ መስመሩን ያገናኛል፤ ሌላው ኤሌክትሪክ ሲያጣ እንደተቋረጠ ይቀራል። የዋጃው ሁለተኛው ዓይነት ነበር። ሽቦው ሲቆረጥ ሞተሩ ለዘለቄታው «ተሰርቄያለሁ» እንዳለ ቀረ።

መሐንዲሱ ይህን የመረጠው በስሕተት አይደለም። ማንኛውም ጠባቂ መሣሪያ ሲበላሽ ወይ ክፍት ይቀራል፣ ወይ ዝግ ይቀራል፤ ሦስተኛ ምርጫ የለውም። የባንክ ካዝና ሲበላሽ ዝግ ቢቀር ይመረጣል፤ የሆስፒታል የአደጋ ጊዜ መውጫ በር ግን ክፍት መቅረት አለበት። በትልቅ ከተማ ሞተሩን ሌሊት ደጅ ለሚያሳድር ሰው ዝግ የሚቀረው ሊሻለው ይችላል፤ የሚጠግንለት ሰው በቅርብ አለና። ክትባት ጭኖ፣ የአላርም ባለሙያ በሌለበት ቆላ ለሚንቀሳቀስ ሰው ግን ክፍት የሚቀረው ይበጀዋል እንላለን። ይህ የሕይወት ምርጫ ነው፤ ምርጫውን ሊያደርግ የሚገባውም በዚያ ሞተር ላይ የሚቀመጠው ሰው ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያው ግን እንዲህ ያለ ምርጫ እንዳለ እንኳ አልሰማም ነበር።

«ለሌባ ማስተማር ነው»

ለምን አልሰማም? አላርሙን ወደ ገጠመው ሰው በስልክ ደወልንለት። ሰውየው ቅን ነው፤ አልተቆጣም። መመሪያው በቻይንኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ ለገዢው አይሰጠውም። የተሸሸገችውን መጫኛ በተመለከተም «ጌታዬ፣ እርሱን ለሁሉም ከነገርን ሌባም ያውቀዋል፤ ለሌባ ማስተማር ነው» አለን። ብዙ ሰው ይህን ሐሳብ ይጋራል። የዝግጅት ክፍላችን ውስጥም ይህን ጽሑፍ ከማውጣታችን በፊት ያመነቱ ነበሩ፤ ማመንታታቸውም የሚናቅ አልነበረም።

ነገር ግን ጥያቄው ዛሬ የተነሣ አይደለም። በሆላንድ የተወለደው ኦጉስት ኬርክሆፍስ በ1883 እ.ኤ.አ. ስለ ወታደራዊ ምስጢራዊ ጽሕፈት በጻፈው ጥናት፣ የአንድ ምስጢራዊ ዘዴ አሠራር በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ጉዳት ሊያስከትል እንደማይገባ አስረድቷል፤ ምስጢር መሆን ያለበት ቁልፉ ብቻ ነው። ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የኪሎክ ታሪክ ይህንኑ አረጋገጠ። አሠራሩ ለረጅም ጊዜ በምስጢር ተይዞ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ግን ወጣ። በ2008 እ.ኤ.አ. የጀርመን ቦኹም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቺፑ ሲሠራ የሚወስደውን የኤሌክትሪክ ኃይል በመለካት ቁልፉን ማግኘት እንደሚቻል አሳዩ። መደበቁ አጥቂውን አላቆመውም፤ ተጠቃሚው ግን ምን ያህል እንደሚተማመንበት ሳያውቅ ዓመታት አለፉ።

በዋጃም የሆነው ከዚህ የራቀ አይደለም። ሌብነትን ሙያው ያደረገ ሰው ያንኑ አላርም ከገበያ ገዝቶ፣ መመሪያውን አስተርጉሞ፣ መጫኛዋ የት እንዳለች ከማንም ቀድሞ ያውቃል። ለእርሱ አንድ ቀን የሚበቃው ሥራ ነው። ምስጢሩ ተደብቆ የቀረው አላርሙን በገንዘቡ ከገዛው ሰው ብቻ ነው። የተሸሸገችው መጫኛ ደግሞ የብረት ቁልፍ ለሌለው ሰው አትጠቅምም፤ ያውም የምትገኝበትን ቦታ ገጣሚው ከሞተር ሞተር ሊለዋውጠው ይችላል። የሚደበቀው ቦታዋ እንጂ መኖሯ መሆን የለበትም።

የማይታዘዝ አላርም ሌላም ጉዳት አለው። በዋጃ መካከል የሚያልፉት ከባድ መኪናዎች መሬቱን ሲያንቀጠቅጡ፣ አህያ ጭነቷን ይዛ ስትታከከው፣ ንዝረት ጠቋሚው አለልክ የተሳለ አላርም ሁሉ ይጮኻል። የጠቋሚውን ስሜት የምትቀንስ ትንሽ ብሎን በአብዛኞቹ ሣጥኖች ላይ አለች፤ እርሷንም ያሳየው የለም። ከወር በኋላ የሰፈሩ ሰው ጩኸቱን ከዶሮ ጩኸት ለይቶ አይሰማውም። በዚያ ጠዋት አንድም ሰው «ሌባ!» ብሎ አልተነሣም፤ ሁሉም የተቆጣው ለጆሮው ነበር።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። በእኛ አስተያየት፣ ለገዢው በሚገባው ቋንቋ የተጻፈ ግማሽ ገጽ መመሪያ ሳይሰጥ የተገጠመ አላርም ግማሹ ብቻ እንደተሸጠ ሊቆጠር ይገባል። ይህን ግማሽ ገጽ ለመጻፍ ደግሞ ማንንም መጠበቅ አያስፈልግም። በወልድያ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በአካባቢው የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ኤሌክትሮኒክስ የሚማር ማንኛውም ተማሪ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የአንድን ሞዴል መመሪያ አንብቦ፣ በሞተሩ ላይ ሞክሮ፣ ወደ አማርኛ ሊመልሰው ይችላል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጣን የሚሉ ተማሪዎቻችን በየዓመቱ ደጃችንን ያንኳኳሉ፤ እስከዛሬ አንድም ሰው በዚህ ርዕስ አልመጣም።

እኛ ከዋጃ ከመነሣታችን በፊት ለእንስሳት ጤና ባለሙያው እንዲህ ያለ ወረቀት አዘጋጀንለት። የትኛው ባትሪ እንደሚገባ፣ ሪሞቱ የት ተጠግቶ እንደሚነካ፣ የተሸሸገችው መጫኛ ቁልፉ ከዞረ በኋላ ስንት ሰከንድ እንደምትያዝ፣ ፊውዙ የትኛው እንደሆነ በስምንት መስመር ጻፍንለት። በላስቲክ ሸፍኖ በበረዶ ሣጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጠፈው። ወረቀቱን ከመቀመጫው ሥር እንዲያስቀምጥ ብንመክረውም «ሣጥኑን ሳልከፍት የምውልበት ቀን የለም» ብሎ እምቢ አለን። የተቆረጡት ሽቦዎች ተቀጥለዋል፤ ሪሌዩ ክፍት በሚቀረው ዓይነት እስኪለወጥ ድረስ ግን ሞተሩን ማታ ማታ ግቢ ውስጥ ያሳድረዋል።